ዳለቻን የሚያህል ድምፅ

ባሕር ዳር፣ ግሽ አባይ
የካቲት 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ቆላ ድባ ለሚገኙት፣ ለአጎቴም ለመምህሬም ለመሪጌታ መርስዔ ኀዘን፤

የኔታ፣ ይህን ደብዳቤ ቆመው እያነበቡ ከሆነ ይቀመጡ። ተቀምጠው ከሆነ ግድግዳ ይደገፉ። ከባድ መርዶ ነው፤ ለብቻዬ ልሸከመው ሞክሬ አልቻልሁም።

ትናንት ሰባታሚት ቀበሌ፣ ሠርግ መካከል፣ ሙሽሮቹ ለጭፈራ እንደ ተነሡ፣ ስንት ዓመት ያገለገለን፣ ክፉ ቃል ከአፉ ያልወጣ፣ ጠግቦ ያልሰደበ፣ ሰክሮ ያልተደባደበ ወዳጃችን በድንገት ዐረፈ። አንድ ጊዜ «ቂው» አለ፤ ከዚያ ዝም። አምባቸው ማይኩን እንደ ጨበጠ፣ አፉን እንደ ከፈተ ቀረ። እልልታው እንኳ ከመንገድ ተመለሰ።

ሟቹ ኦርጋናችን ነው።

እባክዎ ወረቀቱን አይቅደዱት፤ ገና ነው። የገደሉት የሙሽራው አጎት ናቸው፤ እየጨፈሩ መጥተው ጣሳ ሙሉ ጠላ ቁልፎቹ ላይ ደፉበት። ዛሬ ጠጋኙ ከፍቶ አየና ክዳኑን መልሶ ገጠመው። ምንም አላለም። ሐኪም ዝም ሲል ምን ማለት እንደ ሆነ ያውቃሉ።

አምባቸው የባንዳችን አለቃ ነው። ባንድ ቢባልም እሱና እኔ ነን፤ እሱ ይዘፍናል፣ እኔ ኦርጋን እመታለሁ። ኦርጋኑ የእሱ ነበር፤ እኔ ጣቴን ብቻ ይዤ ነበር የምሄደው። አሁን እንዲህ አለኝ፦ «ሁዳዴ ሊገባ ነው፤ እስከ ፋሲካ ሠርግ የለም። ከፋሲካ በኋላ የራስህን መሣሪያ ይዘህ ከመጣህ ቦታህ ያንተ ነው። ካልመጣህ ደሞዝ ኦርጋን ገዝቷል።» ደሞዝ የሚባለውን ኦርጋን መቺ ሰምተውት አያውቁም፤ ቁልፍ ሲነካ ሽንኩርት የሚከትፍ ይመስላል።

የኔታ፣ ከዚህ ቦታ ሌላ ቦታ የለኝም። ዐሥረኛ ክፍልን አልጨረስሁም፤ የእርስዎንም ድጓ አልጨረስሁም። ሁለቱን ትቼ የያዝሁት ይህን ነው። ይህም ካመለጠኝ ባሕር ዳር ላይ የምችለው ሥራ ቀልድ ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ አያበላም።

ስለዚህ እርስዎ ዘንድ ያለችውን ላሜን፣ የክርስትና አባቴ ከሰጡኝ ጊደር የተወለደችውን ዳለቻን፣ ይሽጡልኝ። እዚህ ዳኘው የሚባል ነጋዴ አንድ መሣሪያ ይዟል፤ ቨርቹዋል አናሎግ ሲንተሳይዘር ይባላል። ስሙን ጠርቶ ለመጨረስ ውኃ መጎንጨት ያስፈልጋል።

የስልክ መስመሩ ቆላ ድባ ላይ ከተቋረጠ ወዲህ ተስፋዬ የጎርጎራው ጀልባ ነው። ደብዳቤውን ለጀልባ ነጂው ለአስማማው ሰጥቼዋለሁ። እንዳታነበው ስለው «እኔ ማንበብ አልችልም» አለኝ። እንዴት ቶሎ እንደ መለሰ አልወደድሁለትም።

ልጅዎ ብሥራት


ባሕር ዳር
የካቲት 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

የኔታ፣ እንኳን ለታላቁ ጾም አደረሰዎ።

መልስዎ ደርሶኛል። እጥፋቱ ሦስት ነበር፤ እርስዎ ሁልጊዜ የሚያጥፉት ሁለት ነው። አስማማውን እየተከታተልሁት ነው።

ቁጣውን ሁሉ ተቀብያለሁ፤ ይገባኛል። አዎን፣ ባለፈው ዓመት መነኮስሁ ብዬ ጽፌልዎታለሁ። ደብሩ ሁሉ ጸሎት እንዳደረገልኝ ግን አላወቅሁም ነበር፤ እንዳይባክን አንድ ቀን እመነኩሳለሁ። አዎን፣ ጣና ላይ አዞ ታየ ብዬ ጉዞዎን አስቀርቻለሁ። ይህ ግን ሌላ ነው። ካላመኑኝ የኦርጋኑን ሬሳ በጀልባ እልክልዎታለሁ፤ ራስዎ ይፍቱት።

«ላም የሚሸጥ ሰው ምን እንደሚገዛ ይወቅ» ላሉት እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እኔም አላውቅም ነበር። እርስዎ ስለ ጠየቁኝ ነው ያጠናሁት። ጎረቤታችን ሔራን፣ እዚህ ኮሌጅ ኤሌክትሪክ የምትማረው፣ ከስልኳ እያነበበች አስረዳችኝ። ሦስት ጊዜ «ገባህ?» አለችኝ፤ በሁለተኛው ዋሽቻታለሁ።

«የሚጮኸው ማን ነው?» ላሉት። በድሮዎቹ፣ እውነተኛ አናሎግ በሚባሉት፣ የሚጮኸው ኤሌክትሪኩ ራሱ ነው። በሽቦና በጥቃቅን ዕቃ ውስጥ ሲመላለስ ይርገበገባል፤ ያ መርገብገብ በድምፅ ማጉያ ይወጣል። የመሰንቆ ጭራ እንደሚርገበገበው ማለት ነው። በቨርቹዋሉ ውስጥ ግን እንዲያ የሚርገበገብ የለም፤ ሒሳብ የሚሠራ ኮምፒውተር ነው ያለው። «ያ ኤሌክትሪክ እዚህ ቢኖር ኖሮ እንዴት ይርገበገብ ነበር?» ብሎ ያሰላል፤ መልሱን ድምፅ አድርጎ ያወጣዋል።

ይህ ካልገባዎት አንድ ምሳሌ አለኝ፤ እንዳይቆጡ። አንድ ጠዋት እርስዎ ሲዘገዩ እኔ ከመጋረጃ ኋላ ሆኜ በእርስዎ ድምፅ፣ ከነሳልዎ፣ «ዛሬ ትምህርት የለም፤ ሂዱ» ብዬ ተማሪውን ሁሉ በትኜው ነበር። የኔታ አልነበሩም፤ ድምፅዎ ግን ነበረ። ቨርቹዋል መሪጌታ ማለት ያ ነው።

የድምፁ አሠራር ለሁለቱም አንድ ነው። መጀመሪያ ጥሬ ድምፅ ያወጣል፤ ቀፎ ውስጥ እንደ ገባ ዝንብ ይጮኻል። ከዚያ ማጣሪያ አለ፤ ወንፊት ይበሉት። ማዞሪያውን ሲያጠቡት ሹሉ ድምፅ ይቀራል፣ ለስላሳው ያልፋል። ከዚያ ደግሞ ድምፁ በአንዴ ይነሣ ወይስ ቀስ ብሎ፣ ይቆይ ወይስ ቶሎ ይሙት የሚሉ ማዞሪያዎች አሉ። ኦርጋን ላይ የተዘጋጀ ድምፅ ይመርጣሉ እንጂ አይሠሩም። እዚህ ድምፁን የሚያበጀው ሰውየው ነው። እኔን የገደለኝ ይህ ነው።

አሁን ወደ ዳኘው። «የማን ልጅ ነው?» ብለው ጠይቀውኛል። ለጎንደር ሰው የጎንደር ነኝ ይላል፤ ለጎጃም ሰው የጎጃም። መሣሪያውን እንደ ሙሽራ በሻሽ ሸፍኖ ግድግዳ አስጠግቶታል። «መቶ በመቶ እውነተኛ አናሎግ ነው» ይላል፤ ዋጋውንም እንደዚያው አስወድዶታል። «ታዲያ ቨርቹዋል የሚል የተጻፈበት ለምንድን ነው?» ስለው «የፋብሪካው ስም ነው» አለኝ። አብራልኝ ስለው መብራት የለም ይላል። የጎረቤቱ ፍሪጅ ግን ይንጎራጎራል። እኔ እሱን ስጠረጥር እሱም እኔን ይጠረጥራል፤ «ማን ላከህ?» ይለኛል።

ሔራን ሦስት መፈተኛ ነግራኛለች። እውነተኛው ሲቀዘቅዝ ቃናው ይወላገዳል፣ ሲሞቅ ይቀናል። ብዙ ቁልፍ በአንዴ ሲጫኑት አብዛኛው እውነተኛ አንድ ሁለቱን ያሰማል፣ የቀረው ይውጠዋል፤ ቨርቹዋሉ ብዙውን ያሰማል። በጣም ከፍ ባለው ቃና ላይ ደግሞ ሒሳቡ ያልጠራ ቨርቹዋል እንደ ትንኝ ያለ ትርፍ ድምፅ ይጨምራል። እፈትነዋለሁ።

ብሥራት


ባሕር ዳር
መጋቢት 5 ቀን 2017 ዓ.ም.

የኔታ፣ ተፈተነ።

«ሲበራ ስላላየኸው ነገር ዳግመኛ እንዳትጽፍልኝ» ስላሉኝ አስበራሁት። እንዴት እንዳስበራሁት ግን ንስሐ የሚያስፈልገው ነው። ሔራን መነጽር አደረገች፣ ትልቅ ቦርሳ አነገተች፣ ከአዲስ አበባ ለሆቴል ዕቃ ልትገዛ የመጣች ሆና ገባች። እኔ የማላውቃት መስዬ በር ላይ ቆምሁ። ለኔ ስንት ቀን የጠፋው መብራት ለሷ ወዲያው መጣ።

ዳኘው ገና ሻሹን እንዳነሣ እኔም ዘው ብዬ ገባሁና ሁለት ክንዴን ቁልፎቹ ላይ አጋደምሁ። ሁሉም በአንድ ላይ ጮኹ፤ የተዋጠ የለም። ዳኘው «እንዴ፣ አንተ ደግሞ ከየት መጣህ?» አለኝ። «እኔ የሆቴሉ ዘበኛ ነኝ» አልሁት። ሔራን ሳቋን ለመዋጥ ቦርሳዋ ውስጥ ገባች።

ከዚያ አንዱን ቁልፍ በክብሪት ቀፎ ሰንቅሬ እንደ ተጫነ ተውሁት። ዳኘው ምሳውን በልቶ ተመለሰ፤ ድምፁ ያው ነው። ሔራን ስልክ ላይ ካለው ቃና መለኪያ ጋር አስተያየነው፤ ፀጉር ታህል አልተወላገደም። መጨረሻ ላይ ከፍ ያለውን ቃና ስነካ ሔራን ጆሮዋን አቅንታ «ትንኟ አለች፤ ግን ቀጭን ናት» አለች። ሠርግ ላይ ማንም አይሰማትም።

ስለዚህ ቨርቹዋል ነው። ዳኘው ላይ ሦስቱን ነገር ስንዘረዝርበት አንገቱን ደፋ፤ ዋጋውም አብሮት ወረደ። አሁን ከዳለቻ አይበልጥም።

ማዘን ነበረብኝ፤ አላዘንሁም። ማጣሪያውን አጥብቤ ቀስ እያልሁ ስከፍተው ድምፁ መጀመሪያ ብርድ ልብስ ውስጥ ያለ ሰው ይመስላል፤ ከዚያ ይነሣል፣ በር ይከፍታል፣ ወደ እርስዎ ይመጣል። ሔራን መነጽሯን አወለቀች። ዳኘው ራሱ «ይህን ያወጣል እንዴ?» አለ። እሱም ሰምቶት አያውቅም ነበር።

«ሐሰተኛ መሆኑን ካወቅህ ለምን ትፈልገዋለህ?» ብለው እንደሚጽፉልኝ ስለማውቅ አስቀድሜ ልመልስ። አይወላገድም፣ ብዙ ድምፅ አለው፣ ያበጀሁትን ድምፅ እስከ ነገ ይዞልኝ ያድራል። እንዲያውም አንድ ጉድ ልንገርዎ። የውጭ አገር ሰዎች የድሮውን መወላገድ ስለሚወዱት ለዚህኛው ራሱን የቻለ የመወላገጃ ማዞሪያ ሠርተውለታል። ሲያዞሩት ቃናው ሆን ብሎ እንደ አሮጌው ይንገዳገዳል። ይህን ግን ለሌሎቹ መምህራን አያንብቡላቸው።

ፋሲካ እየቀረበ ነው። ደሞዝ ትናንት በደጃችን ሲያልፍ ኦርጋኑን በጀርባው አዝሎ ነበር። የሚሄድበት ቦታ እንዳልነበረው እርግጠኛ ነኝ።

ብሥራት


ቆላ ድባ
መጋቢት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለብሥራት፤

ሰላም ለከ። እኛ ደኅና ነን፤ ጉልበቴ ብቻ ከስግደቱ ጋር ተጣልቷል። ዳለቻም ደኅና ናት።

ደብዳቤህን ለመምህራኑ አነበብሁላቸው፤ ቀልዱን እየዘለልሁ። በጣም አጭር ሆነ።

እንደ ገባኝ ከሆነ መሣሪያው ሌላውን የሚመስል ነው፤ መምሰሉን ግን በስሙ ላይ ጽፎታል። የዋሸው ዳኘው ነው እንጂ እሱ አልዋሸም። የማይገባኝ መወላገጃው ነው። ዜማው የሚወላገድን ተማሪ እኛ እስኪቀና ድረስ ስናስጮኸው እናድራለን። እናንተ የቀናውን አምጥታችሁ መወላገድ ታስተምሩታላችሁ። አንዱ መምህር ይህን ሲሰማ «ምነው ጎረቤቴን በቀጠሩት፤ ከጠላ ቤት ሲመለስ በነጻ ያሳያቸው ነበር» አለ።

ቃሌ ይኸው ነው። ጠይቄሃለሁ፣ መልሰህልኛል። ከሚመጣው ሳምንት በኋላ ባለው ገበያ ዳለቻን አወጣታለሁ።

አንድ ነገር ቀረኝ። በጥር ወር እዚህ ሠርግ ነበር። ኦርጋን የሚመታው ልጅ ሁለት እጁን ቁርጥ ሥጋ ላይ አድርጎ ይበላል፤ ኦርጋኑ ብቻውን ይመታል፤ ሕዝቡም ይጨፍራል። ሰው ሳይነካው የሚመታ ነገር አላማረኝም። ያንተውስ አንተ ስትበላ ብቻውን ይመታል? ካልመታ ደስ ይለኛል።

መሪጌታ መርስዔ ኀዘን


ባሕር ዳር
መጋቢት 17 ቀን 2017 ዓ.ም.

የኔታ፣ ዳለቻን አይሽጧት።

ጥያቄዎን እንዳነበብሁ ወደ ዳኘው ሱቅ ሄድሁ። ብቻውን አይመታም። ምት የለውም። እዚህ የምናውቃቸው ኦርጋኖች ሁሉ ምቱ ከውስጣቸው ነው፤ ከበሮውንና ቤዙን ማሽኑ ይመታል፣ እኔ በላዩ ዜማውን እጫወታለሁ። ሁሉም ስላላቸው ይህስ አለው ወይ ብዬ አልጠየቅሁም። ድምፁ እውነት ነው ሐሰት ነው እያልሁ ስመረምር ከረምሁ።

አምባቸው ከበሮ መቺ የለውም። ያለ ምት ሠርግ አይሠራም። ላሟን ሸጬ ብገዛውም ቦታዬን አላገኝም፤ ላሟም አትመለስም። ለአምባቸው ዛሬ እነግረዋለሁ።

ይህ ከገበያው ቀን በፊት እንዲደርስ አስማማውን ለምኜዋለሁ። አይሽጧት።

ብሥራት


ቆላ ድባ
መጋቢት 25 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለብሥራት፤

ደብዳቤህ ከገበያው ቀን በፊት ደርሶኛል። አላመንሁትም። ሽጡ ስትል ጠርጥሬህ ነበር፤ አትሽጡ ስትል ደግሞ አብልጬ ጠረጠርሁህ። ላም ይዤ ገበያ መካከል ስቆም ትሥቅብኛለህ ብዬ አሰብሁ። እንዲያም ሆኖ አወጣኋት፤ ቃል ነበረብኝ።

አንድ ደላላ መጥቶ ጥርሷን አየ። «ትሸጧታላችሁ?» አለኝ። «ባለቤቱ ሽጥ ይላል፣ አትሽጥም ይላል፤ አንተ ምን ትላለህ?» አልሁት። ትቶኝ ሄደ። ሌላ የጠየቀ የለም።

አሁን ልንገርህ። ላም የሚፈልግ ሰው በሁዳዴ እኩሌታ ገበያ አይወጣም። ወተቱ አይጠጣ፣ ሥጋው አይበላ፤ ለፋሲካ የሚታረደውን የሚሹም ገና አልተነሡም። አወጣታለሁ ብዬ ስጽፍልህ ይህን አውቅ ነበር። ያን ገበያ የመረጥሁት ገዢ ስለሌለበት ነው። ቀልድ የምታውቅ አንተ ብቻ አይደለህም፤ የናትህ ወንድም ነኝ።

ከገበያ ስመለስ ግን ደብዳቤህን እንደ ገና አወጣሁት። ሁለት ጊዜ አነበብሁት። አንድ ቀልድ የለበትም። ከልጅነትህ ጀምሮ ካንተ እንዲህ ያለ ነገር አልደረሰኝም። ያን ጊዜ ፈራሁ። ኦርጋኑ ሳይሆን አንተ የሞትህ መሰለኝ።

ዜማውን ትተህ ስትሄድ ተቀይሜህ ነበር። ያ የያዝኸው ቦታ ሲያመልጥህ ደስ የሚለኝ ይመስለኝ ነበር። ደስ አላለኝም።

ላሚቱ በረቷ ውስጥ ናት። አንተስ ወዴት ነህ? አምባቸው ምን አለህ? ጻፍልኝ። ውሸትም ቢሆን ጻፍ።

አጎትህ መርስዔ ኀዘን


ባሕር ዳር
ሚያዝያ 21 ቀን 2017 ዓ.ም.

የኔታ፣ ክርስቶስ ተንሥአ እሙታን። እኔም አለሁ።

ውሸትም ቢሆን ጻፍ ስላሉኝ በዚያው ልጀምር፤ ትናንት በጣና ላይ ላሉት ዓሦች ሁሉ አለቃ ሆኜ ተሾምሁ። ደመወዝ የለውም፤ ግን ሠራተኞቼ አያወሩም። አሁን ወደ እውነቱ።

መልሴ የዘገየው ስላፈርሁ ነው። ለአምባቸው እንዳልገዛሁ ስነግረው «በል ደኅና፤ ደሞዝ አለ» አለኝ። ሰሙነ ሕማማትን ሥራ እንደ ጠፋበት ሰው ሳይሆን እንደ ጸሎተኛ አሳለፍሁት፤ ልዩነቱን ማንም አላወቀብኝም።

በኋላ ዳኘውን ልሰናበተው ሄድሁ። እሱም ተክዟል። ምት የሌለው መሣሪያ ባሕር ዳር ላይ የሚገዛው እንደሌለ ገብቶታል። ሲያየኝ ቆየና «ሠርግ ላይ ውሰደው፤ ሰው ይስማው። ገዢ ከመጣ የኔ ነው፤ ጠላ ከተደፋበት ያንተ ነው» አለኝ። ያለ ዋስ አይሆንም ስላለኝ ሔራንን ጠራኋት። ያቺ የሆቴሏ ሴትዮ መሆኗን ሲያውቅ ዋስትናውን ሁለት ጊዜ አስፈረማት።

ይዤው አምባቸው ዘንድ ሄድሁ። ደሞዝ ኦርጋኑ ፊት ተቀምጧል፤ እኔን ሲያይ ቁልፎቹን በላስቲክ ሸፈናቸው። «አንተ ምቱን ምታ፤ እኔ በላዩ ልሞክር» አልሁት። አምባቸውን አየው። አምባቸው እኔን አየኝ። «ይህ ልጅ አንድ ነገር አስቧል» አለ። ለመጀመሪያ ጊዜ ምንም አላሰብሁም ነበር።

ደሞዝ ምቱን ለቀቀ። እኔ ማጣሪያውን ቀስ ብዬ ከፈትሁት። አምባቸው ዘፈኑን ረስቶ ቆመ፤ ከዚያ «ሁለት ሰው ለአንድ ሠርግ፤ ድርሻችሁ ያው የአንድ ሰው ነው፤ ተካፈሉት» ብሎ ሄደ። እሱ ዘንድ ይህ ምርቃት ነው።

ባለፈው እሑድ፣ በዳግማይ ትንሣኤ፣ አንድ ሠርግ ሠራን። ደሞዝ አሁንም ሽንኩርት ይከትፋል፤ ግን ቀጥ አድርጎ ይከትፋል። ማንበብ የማይችለው አስማማው ተጋብዞ መጥቶ ነበር፤ መሣሪያዬን ዞሮ ዞሮ አየና «ምት የሌለው ይኸ ነው?» አለኝ። አንድ ጊዜ እንኳ አልነገርሁትም።

መወላገጃውን ነካኸው ወይ ብለው እንደሚጠይቁኝ አውቃለሁ። አልነካሁትም። ትንሽ ነካሁት። አምባቸው በዘፈኑ ረዘም አድርጎ ሲያለቅስ አብሬው ቃናዬን ጥቂት አንገዳገድሁ፤ አንዲት እናት እንባቸውን ጠረጉ። መምህራኑ ይፍረዱ።

ገዢ እስካሁን አልመጣም። አንድ ሰው ጠይቆ ነበር፤ «ምት የለውም» አልሁት፣ ሄደ። ዳኘው ይህን እንዳይሰማ።

ዳለቻን ሰላም ይበሉልኝ፤ ስለ ነገሩ ምንም አይንገሯት። እኔም ሳስበው፣ ለዚህ ሁሉ ወረቀት፣ ለዚህ ሁሉ ጀልባ፣ ለእርስዎም ፍርሃት የሚበቃ ነገር አልነበረም። ደሞዝን፣ አግዳሚ ላይ ቀድሞ እንደ ተቀመጠ ሰው፣ «እስቲ ትንሽ ጠጋ በልልኝ» የማለት ያህል ነበር።

ብሥራት